የሚያፈስ የአሮጌ ሞተር ሳይክል ካርቡሬተር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጠዋት ሞተር ሳይክሉን ከግቢ ሊያወጡ ሲሉ የቤንዚን ሽታ ይቀድማል፤ ጎንበስ ብለው ሲያዩም ከሞተሩ ሥር ያለው ሲሚንቶ የእጅ መዳፍ ያህል ጠቁሯል። በደሴና በኮምቦልቻ አሮጌ ሞተር የሚነዱ ሰዎች ይህን ደጋግመው ያውቁታል። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች እንደ ያማሃ ኤጂ 100፣ ያማሃ ዲቲ 125፣ ሱዙኪ ቲኤፍ 125፣ ሆንዳ ኤክስኤል 125 እና ሆንዳ ሲጂ 125 ያሉትን፣ እንዲሁም በሲጂ አምሳል የተሠሩትን የቻይና ሞተሮች የሚመለከቱ ናቸው። የሁሉም የጋራ ባሕርይ ባለ አንድ ሲሊንደር መሆናቸውና ቤንዚኑ ያለ ፓምፕ፣ በራሱ ክብደት ከታንኩ ወደ ካርቡሬተሩ የሚወርድ መሆኑ ነው። ካርቡሬተር የሌላቸውን፣ በኢንጀክሽን የሚሠሩትን አዳዲስ ሞተሮች ጉዳዩ አይመለከታቸውም።

ካርቡሬተር ከመጀመሪያው ለምን ያፈሳል?

ካርቡሬተር ቤንዚንን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጥ ክፍል ሲሆን በሥሩ ጥቂት ቤንዚን የሚጠራቀምበት ጎድጓዳ አለው። ቤንዚኑ በዚህ ጎድጓዳ ውስጥ ከተወሰነ ከፍታ እንዳያልፍ የሚጠብቁት አንድ ተንሳፋፊና ከእርሱ ጋር የተያያዘች ትንሽ መርፌ ናቸው። አሠራሩ የውኃ ፈረቃ ሲደርስ ከሚሞላው የቤታችን ሮቶ አሠራር አይለይም፤ ውኃው ከፍ ሲል ኳሱ አብሮ ይነሣና መግቢያውን ይዘጋዋል፣ ውኃው ሲቀንስም ኳሱ ወርዶ ይከፍተዋል። በካርቡሬተሩ ውስጥም ተንሳፋፊው ሲነሣ ጫፏ የሾለውን መርፌ ወደ መቀመጫዋ ይገፋታል፤ ቤንዚኑም ይቆማል።

ልዩነቱ የመጠን ነው። የሮቶው ኳስ አንድ ፍሬ አሸዋ ብትገባበት ግድ አይሰጠውም፤ የካርቡሬተሩ መርፌ ግን የምትዘጋው ቀዳዳ ከሁለትና ከሦስት ሚሊ ሜትር ስለማይበልጥ፣ በዓይን የማትታይ ዝገት መሐል ከገባች ሌሊቱን ሙሉ ስታፈስ ታድራለች። በሰከንድ አንድ ጠብታ የሚያንጠባጥብ ካርቡሬተር በአንድ ቀን 86,400 ጠብታ ይጥላል፤ ይህም ከአንድ ሊትር በላይ ቤንዚን ነው። ስለዚህ ካርቡሬተር አፈሰሰ ማለት ካርቡሬተር ተበላሸ ማለት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ አንዲት መርፌ እንዳትዘጋ የከለከላት ነገር አለ ማለት ነው።

ቤንዚኑ ከየት በኩል እንደሚወጣ እንዴት ላውቅ እችላለሁ?

ከሁሉም ጥያቄ ይህ ይበልጣል፤ በእኔ ግምት ሰዎች ካርቡሬተራቸውን ሳያስፈልግ የሚፈቱት ይህን ጥያቄ ዘለው ስለሚያልፉ ነው። ቤንዚን የሚንጠባጠብበት ቦታና የሚወጣበት ቦታ አንድ አይደሉም። ከላይ ከላስቲክ ቱቦው የወጣ ጠብታ የካርቡሬተሩን ጎን ይዞ ወርዶ ከጎድጓዳው ታች ስለሚወድቅ፣ ያየው ሰው ሁሉ ጥፋቱን በጎድጓዳው ላይ ያላክካል።

መጀመሪያ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፤ የቤንዚን መዝጊያውን ዘግተው ካርቡሬተሩን ከላይ እስከ ታች በደረቅ ጨርቅ ጥርግ አድርገው ያድርቁት። ጭቃና የዘይት ድር ካለበት በብሩሽ ያጽዱት፤ የቆሸሸ ካርቡሬተር ላይ ፍሳሽ መፈለግ በድቅድቅ ጨለማ መርፌ እንደመፈለግ ነው። ከዚያ ሥሩ ነጭ ካርቶን አንጥፈው መዝጊያውን ይክፈቱና ሞተሩን ሳያስነሡ በዓይንዎና በጣትዎ ጫፍ ከላይ ወደ ታች ይከታተሉ። የመጀመሪያዋ እርጥበት የታየችበት ቦታ ነው የችግሩ ቦታ።

ታንኩና መዝጊያው የሚገናኙበት ቦታ ከረጠበ ካርቡሬተሩ ንጹሕ ነው፤ የመዝጊያው ኦሪንግ (የላስቲክ ቀለበት ማሸጊያው) ደርቋል። ቱቦው ካርቡሬተሩ ላይ የሚሰካበት አፍ ከረጠበ ቱቦው ጫፉ ላይ ተሰነጣጥቋል ወይም ማሰሪያው ላልቷል፤ ጫፉን አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ቆርጦ መልሶ መሰካት ብቻውን የሚፈታበት ጊዜ አለ። የጎድጓዳው መጋጠሚያ ዙሪያውን ከረጠበ ጓርኒሲዮኑ (በመጋጠሚያው መሐል የሚገባው ማሸጊያ) ወይም ኦሪንጉ ነው። ከጎድጓዳው ሥር ባለው የማፍሰሻ ብሎን በኩል ከመጣ የብሎኑ ማሸጊያ ነው። ከእነዚህ ከአንዳቸውም ሳይሆን ወደ መሬት በተንጠለጠለው ቀጭን የትርፍ ማፍሰሻ ቱቦ ጫፍ ላይ ጠብታ ከታየ ግን ነገሩ ከውስጥ ነው፤ ተንሳፋፊው፣ መርፌው ወይም መቀመጫዋ ሥራቸውን አልሠሩም ማለት ነው። ከአንድ ነገር በስተቀር፦ በአንዳንድ ካርቡሬተሮች ውስጥ ትርፍ ቤንዚን የሚወርድበት፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ቀጭን የነሐስ ዘንግ ከጎድጓዳው ወለል ተነሥቶ ይቆማል፤ ይህ ዘንግ ከጎኑ በፀጉር ስንጥቅ ከተሰነጠቀ መርፌውና ተንሳፋፊው ጤነኛ ሆነው እንኳን ቤንዚኑ ሲፈስ ይኖራል። ጎድጓዳውን ብቻ አውጥተው፣ የማፍሰሻ ብሎኑን አጥብቀው፣ ቤንዚን እስከ ዘንጉ አፍ ድረስ ሳያደርሱ ሞልተው በጠፍጣፋ ቦታ ቢያስቀምጡት ስንጥቁ ራሱን ያጋልጣል።

የትርፍ ማፍሰሻ ቱቦውን በብሎን ወይም በሚስማር ብደፍነውስ?

አይድፈኑት። ያ ቱቦ የተሠራው መርፌዋ ስትከዳ ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ ከመግባት ይልቅ ወደ መሬት እንዲወርድ ነው። መሬት ላይ የሚፈሰው ቤንዚን ያናድዳል፤ ወደ ሲሊንደር የሚገባው ግን ሞተር ይገድላል። ቱቦው በጭቃ ተዘግቶ እንዳይሆንም በክረምት አልፎ አልፎ ማየት ይገባል፤ ከኩታበር ወይም ከወረ ኢሉ በኩል በጭቃ የመጣ ሞተር ላይ ጫፉ ደርቆ እንደ ቡሽ ተደፍኖ ማግኘት ብርቅ አይደለም።

መንገድ ላይ ማፍሰስ ቢጀምርብኝ ምን ላድርግ?

በደሴና በኮምቦልቻ መሐል ባለው በሐረጎ ዳገት ላይ ቆመው ካርቡሬተር አይፈታም። ሞተሩን ያጥፉ፣ መዝጊያውን ይዝጉ፣ ይቀዝቅዝ። ከዚያ የካቻቢቴ እጀታ ይዘው የጎድጓዳውን ጎን ቀስ እያሉ ሁለት ሦስት ጊዜ ኳ፣ ኳ ያድርጉት፤ ተንሳፋፊው ተጣብቆ ወይም መርፌዋ ላይ ቆሻሻ ተቀምጦ ከሆነ ንዝረቱ ያላቅቀዋል። ይህ ካልበቃ የማፍሰሻ ብሎኑን አላልተው በጎድጓዳው ያለውን ቤንዚን ወደ ሃይላንድ ጠርሙስ ያውርዱት፤ መዝጊያውን ለአፍታ ከፍተው አዲስ ቤንዚን በመርፌዋ በኩል ታጥቦ እንዲወርድ ካደረጉ በኋላ ብሎኑን መልሰው ያጥብቁ። ከአሥር ጊዜ ስድስት ሰባቱን ያህል ቤት ያደርሳል እላለሁ፤ ይህ ግን የራሴ ልምድ እንጂ የተቆጠረ ነገር አይደለም።

እሱም እምቢ ካለ እየዘጉና እየከፈቱ መንዳት ይቻላል፤ ጎድጓዳው ውስጥ ያለው ቤንዚን መዝጊያው ተዘግቶም ጥቂት መንገድ ያስኬዳል። ፍሳሹ ከታንኩ ወይም ከቱቦው ስንጥቅ ከሆነ ደግሞ የቆዩ ሹፌሮች የሚያውቁት ዘዴ አለ፦ ደረቅ የልብስ ሳሙና ለስለስ እስኪል በጣት አሽተው በስንጥቁ ላይ መለሰን። ሳሙና በቤንዚን አይሟሟም፤ ቤት እስኪደርሱ ይይዛል። ወደ ካርቡሬተሩ ውስጥ ግን ሳሙና እንዳይገባ።

ራሴ ፈትቼ ላጸዳው ስነሣ ምን ልጠንቀቅ?

ከሁሉ በፊት ቦታውን። የቤንዚን ተን ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ላይ ተኖ የሚጠፋ ሳይሆን ወለል ለወለል ተስቦ የሚሄድ ነው። ስለዚህ በግቢው በአንድ ጥግ ካርቡሬተር እየፈቱ በሌላው ጥግ ቡና እየተፈላ ከሆነ፣ በከሰሉና በእርስዎ መሐል ያለው አምስት እርምጃ ምንም ዋስትና አይሰጥም። ሥራው ከእሳት በራቀ ገላጣ ቦታ ይሁን፤ ሲጋራ የሚያጨስ ወዳጅም በዚያች ሰዓት ይራቅ።

ቀጥሎ ብሎኖቹ። የጃፓን ሞተሮች የካርቡሬተር ብሎኖች ራሳቸው ላይ ያለው መስቀል ከተለመደው የመስቀል ካቻቢቴ ቅርጽ በጥቂቱ ይለያል፤ ጃፓኖች የራሳቸው መስፈርት አላቸው። በተለመደው ካቻቢቴ በኃይል ሲያዞሩት እየዘለለ የብሎኑን ራስ ይበላዋል፤ አንዴ ከተበላ ደግሞ በፒንሳና በመሮ የሚደረግ ትግል ይከተላል። በልኩ የሚገጥም ካቻቢቴ ይፈልጉ፤ ከላይ አጥብቀው ተጭነው፣ ካስፈለገም የካቻቢቴውን ጀርባ በመዶሻ አንዴ ጠቅ አድርገው ያላሉት። የጎድጓዳው ብሎኖች ትናንሽ ስለሆኑና የሚገቡበት አካል ለስላሳ አሉሚኒየም ስለሆነ፣ መልሰው ሲያጠብቁም በጣት ጉልበት እንጂ በትከሻ ጉልበት አይሁን።

ጎድጓዳው ሲወርድ ወለሉን በብርሃን ይመልከቱት። ባለፈው ክረምት ማግስት ከፈታሁት አንድ ዲቲ ጎድጓዳ ሥር ያገኘሁት የቡና አተላ የመሰለ ቡናማ ደለል ነበር፤ በጣቴ ሳሻሸው እንደ አሸዋ ቆረቆረኝ፤ በመሐሉም ከቤንዚኑ ጋር የማትቀላቀል አንዲት የውኃ ጠብታ እንደ ዶቃ ትንከባለል ነበር። ዝገቱም ውኃውም የመጣው ከታንኩ ነው፤ ካርቡሬተሩ የተቀበለውን ነው የያዘው።

ተንሳፋፊው የተሰካበትን ቀጭን ዘንግ ሲገፉ ዘንጉ የሚያርፍባቸውን ሁለት ቋሚዎች በጣት ደግፈው ይያዙ፤ ቋሚዎቹ ከአካሉ ጋር አብረው የተቀለጡ ስለሆኑ ከተሰበሩ መላ የላቸውም። መርፌዋ አብራ ስለምትወጣ እንዳትጠፋ ከሥር ሳህን ያስቀምጡ። ከዚያ የመርፌዋን ጫፍ በብርሃን፣ ካለም በማጉያ መነጽር ይዩት። ጫፏ ዙሪያውን እንደ ቀለበት የተቦረቦረ መስመር ካለው አርጅታለች፤ መቀየር እንጂ ማጽዳት አያድናትም። ጫፏ ለስላሳ ከሆነ መቀመጫዋን ጆሮ በሚጠርጉበት ጥጥ የተጠቀለለበት እንጨት ላይ ጥቂት የብረት ማጽጃ አድርገው እያሽከረከሩ ይወልውሉት። ብርጭቆ ወረቀት ወደዚያ አይቅረብ።

ጥቃቅኖቹን የነሐስ ቀዳዳዎች ለማጽዳት ወደ ጎሚስታ ቤት ሄዶ በኮምፕሬሰር ማስነፋት የተለመደና ጥሩ ዘዴ ነው፤ ነገር ግን ተንሳፋፊው ከነመርፌው ወጥቶ መሆን አለበት። የጎማ አየር የሚሞላበት ግፊት ውስጡ ባዶ የሆነውን ተንሳፋፊ ሊያጨማድደው ይችላል፤ ጎሚስታው ደግሞ የጎማ እንጂ የካርቡሬተር ባለሙያ ስላልሆነ ይህን አያስጠነቅቅዎትም። የተዘጋ ቀዳዳን በሽቦ መጎርጎርም ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ ፍጆታው ከዚያ በኋላ አይስተካከልም።

ተንሳፋፊው ራሱ ቢበሳስ?

ተንሳፋፊው ከተበሳ ቤንዚን ይገባበትና ይከብዳል፤ ከብዶም ስለማይነሣ መርፌዋን አይገፋትም። ከጆሮዎ አጠገብ ይዘው ቢያንቀሳቅሱት ውስጡ ሲጮኽ ይሰማል። ድምፅ ከሌለ ግን ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ ሌላ ቦታ አፍልተው ባመጡት ሙቅ ውኃ ውስጥ ያጥልቁት፤ በውስጡ ያለው አየር ሲሞቅ ስለሚስፋፋ ከቀዳዳው አረፋ ይወጣል። ውኃው የሚጣድበት እሳትና ቤንዚን የነካው ተንሳፋፊ አንድ ቦታ መገናኘት የለባቸውም።

የፕላስቲክ ተንሳፋፊ ከተበሳ ይቀየራል። በአሮጌዎቹ ላይ የሚገኘው የነሐስ ተንሳፋፊ ውስጡ ያለው ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ከወጣና ከደረቀ በኋላ በቆርቆሮ ብየዳ ሊደፈን ይችላል፤ የብየዳው ጠብታ ግን ክብደት ይጨምራል፤ ክብደት ሲጨምር ደግሞ የቤንዚኑ ከፍታ ይለወጣል። እኔ አዲስ እስኪገኝ ብቻ ነው የምጠቀመው።

በጎድጓዳው ውስጥ ያለው የቤንዚን ከፍታ ትክክል መሆኑን በምን ልለካው?

የተንሳፋፊው ልክ በሚሊ ሜትር ተቆጥሮ በየሞተሩ መመሪያ ላይ የተጻፈ ነው፤ ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ የአንዱን ልክ ለሌላው መውሰድ አይገባም። መመሪያው ለሌለው ሰው የሚረዳ ቀላል መንገድ አለ። ከፋርማሲ አዲስ የጉሉኮስ ቱቦ ይግዙ፤ አንዱን ጫፍ ከጎድጓዳው የማፍሰሻ አፍ ላይ ሰክተው ሌላውን ጫፍ በካርቡሬተሩ ጎን ወደ ላይ ያቁሙት። ሞተር ሳይክሉ ቀጥ ብሎ እንዲቆም አድርገው መዝጊያውንና የማፍሰሻ ብሎኑን ሲከፍቱ፣ በቱቦው ውስጥ የሚታየው የቤንዚን ከፍታ በጎድጓዳው ውስጥ ካለው ጋር እኩል ይሆናል። ብዙውን ጊዜ ቤንዚኑ ከጎድጓዳው መጋጠሚያ መስመር ጥቂት ዝቅ ብሎ ይቆማል፤ መስመሩን አልፎ እየወጣ ከሄደ መርፌዋ አልዘጋችም። ቱቦው ለልኬት ብቻ ነው፤ ቤንዚን ሲቆይበት ስለሚደርቅና ስለሚሰነጠቅ በነዳጅ ቱቦ ቦታ እንዳይተዉት።

ከፍታውን ለማስተካከል ከተንሳፋፊው ጋር የተያያዘችውና መርፌዋን የምትገፋው ትንሽ የብረት ምላስ በጥቂቱ ትጎብጣለች። በጥቂቱ ማለት በእውነት በጥቂቱ ነው፤ የወረቀት ውፍረት ያህል መንቀሳቀሷ ከፍታውን ይለውጠዋል። ምላሷን ሲያጎብጡ ተንሳፋፊውን እንደ መያዣ አይጠቀሙበት፤ መርፌዋንም መቀመጫዋ ላይ እያለች አይጫኗት፤ በጀርባዋ ያለችው ሞላ ስትጨነቅ ልኩ ይሳሳታል። ምላሷ የማትጎብጥ፣ ተንሳፋፊው ሁሉ ፕላስቲክ የሆነበት ካርቡሬተርም አለ፤ በዚያ ላይ ልኩ ከተሳሳተ የሚቀየረው ተንሳፋፊው ነው።

መርፌዋን በአዲስ ቀየርኩ፤ አሁንም ያፈሳል። ለምን?

ይህ በእኔም ደርሷል። ለኤክስኤሌ ከአንድ መለዋወጫ መደብር ሙሉ የጥገና ዕቃ ገዝቼ፣ ግማሽ ቀን ፈጅቼ ገጥሜ፣ መዝጊያውን ስከፍት ከበፊቱ ብሶ ፈሰሰ። ለሁለት ቀን መቀመጫውን ስወለውል ከቆየሁ በኋላ አሮጌዋንና አዲሷን መርፌ በመስተዋት ላይ ጎን ለጎን አጋደምኳቸው፤ አዲሷ ከአንድ ሚሊ ሜትር ባላነሰ ታጥር ነበር። አጭር መርፌ ተንሳፋፊው ከልኩ በላይ ካልተነሣ አትዘጋም፤ ተንሳፋፊው ከልኩ በላይ እስኪነሣ ደግሞ ቤንዚኑ በትርፍ ማፍሰሻው ወጥቶ ይሄዳል። ዕቃው ፎርጅድ ነበር ማለት ይቀላል፤ ለሌላ ሞዴል የተሠራ ሊሆንም ይችላል፤ ሳላወዳድር መግጠሜ ግን የእኔ ጥፋት ነው። ከዚያ ወዲህ አሮጌዋን መርፌ በኪሴ ሳልይዝ መደብር አልሄድም።

መርፌዋ በልኳ ሆና የምታፈስ ከሆነ መቀመጫዋ ነው። በአንዳንድ ካርቡሬተር መቀመጫዋ በጥርስ የምትፈታ ስለሆነች አብራ ትቀየራለች፤ በሥሯ ያለችው ቀለበት ወይም ኦሪንግ ከደረቀች ቤንዚኑ በመርፌዋ ሳይሆን በመቀመጫዋ ዙሪያ ያልፋል። በሌሎቹ ግን መቀመጫዋ ከአካሉ ጋር ተጨፍልቃ የገባች ናት፤ ከተበላች ከመወልወል ሌላ ብዙ አማራጭ አይቀርም።

በኮምቦልቻ ደህና የነበረው ሞተር ደሴ ሲደርስ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፣ ይጨሳል። የከፍታው ልዩነት ያፈሳል እንዴ?

ከፍታ ካርቡሬተር አያስፈስስም። ነገር ግን ፍሳሽ የሚመስል ምልክት ያሳያል። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በመሐላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በደሴ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ካርቡሬተሩ ግን አየሩ እንደሳሳ አያውቅም፤ የተበጀለትን ቤንዚን መስጠቱን ይቀጥላል። በዚህ ምክንያት ድብልቁ በቤንዚን ይወፍራል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ማርሚታው ጥቁር ይተፋል፣ ዳገቱ ላይ ጉልበት ያጥራል።

ልዩነቱን ለማወቅ ሞተሩን አጥፍተው፣ መዝጊያውን ክፍት ትተው ካርቶን አንጥፈው ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። ካርቶኑ ከደረቀ መርፌዋ ጤነኛ ናት፤ የሚፈለገው የድብልቅ ማስተካከል ነው። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን ያጽዱ፤ በአቧራ የታፈነ ፊልትሮ ከፍታው ያመጣውን ያባብሰዋል። ከዚያ በጋዙ ገመድ የሚንቀሳቀሰውን ረጅሙን መርፌ አንድ ጥርስ ዝቅ ማድረግ ወይም ዋናውን የቤንዚን ቀዳዳ አንድ ቁጥር ማሳነስ ይቻላል። በደሴ የሚውል ሞተር ላይ ይህን ማድረግ ተገቢ ነው፤ በየቀኑ ሁለቱን ከተሞች የሚያመላልስ ሰው ግን ለኮምቦልቻው እንዲስማማ ቢተወው እመርጣለሁ፤ ድብልቁ በቤንዚን የሳሳ ሞተር ከሚጨሰው ሞተር ይልቅ በፍጥነት ይግላልና።

ሲቆም ብቻ፣ ያውም ዳገት ላይ ወይም በጎን ማቆሚያው ሲያርፍ የሚያፈሰውስ?

ጎድጓዳው ሲያጋድል ቤንዚኑ ወደ አንድ ወገን ስለሚተኛ ተንሳፋፊው የሚያየው ከፍታ ይሳሳታል። የደሴ ሰፈሮች ዳገት የሌለበት ቦታ ስለማያበዙ፣ ሲቆሙ መዝጊያውን መዝጋት ልማድ ይሁን። ኮምቦልቻ ላይ ቀትር ፀሐይ ውስጥ ሲቆም ብቻ የሚያፈስ ከሆነ ደግሞ የታንኩን ክዳን ይመልከቱ፤ በክዳኑ ላይ ያለችው የአየር ቀዳዳ ከተደፈነች በሙቀት የተስፋፋው ተን ቤንዚኑን ወደ ታች ይገፋዋል፤ የደከመች መርፌም ግፊቱን አትችለውም።

የሞተር ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን መሽተት ጀምሯል። ያሳስባል?

አዎ፤ ሞተሩን አያስነሡት። በፎር ስትሮክ ሞተር ላይ መርፌዋ አልዘጋ ስትል ቤንዚኑ ድብልቁ በሚሳብበት መግቢያ በኩል ወደ ሲሊንደሩ ገብቶ፣ በፒስተኑ ቀለበቶች በኩል ሾልኮ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ምልክቱ የዘይት መለኪያው ላይ ይታያል፦ ዘይት ሳይጨምሩ ከፍታው ጨምሯል፣ ዘይቱም እንደ ውኃ ቀጥኗል። የቀጠነ ዘይት ብረትን ከብረት አይለይም። ፍሳሹን መጀመሪያ ያቁሙ፤ ከዚያ ዘይቱን ደፍተው አዲስ ይሙሉ፤ ቅደም ተከተሉ ከተገላበጠ አዲሱ ዘይትም ሌሊቱን ይበላሻል።

የማስነሻ መርገጫው አልወርድም ብሎ መሐል ላይ ቀጥ ካለ በጉልበት አይርገጡት። ሲሊንደሩ በቤንዚን ተሞልቶ ሊሆን ይችላል፤ ፈሳሽ እንደ አየር ስለማይታመቅ የሚጎብጠው ከፒስተኑ ጋር የተያያዘው ዘንግ፣ ቢየላው ነው። ካንዴላውን ፈትተው ከቀዳዳው ራቅ ብለው፣ የካንዴላውን ገመድ ብልጭታ እንዳይሰጥ ከቀዳዳው አርቀው ከሞተሩ አካል ጋር አነካክተው፣ በቀስታ በእጅ ያዙሩት፤ ቤንዚኑ ይወጣል። እንደ ኤጂና ቲኤፍ ባሉት ቱ ስትሮኮች ላይ የሞተር ዘይት ከቤንዚኑ ጋር የሚቃጠል ስለሆነ የዘይቱ ነገር አያሰጋም፤ ቤንዚኑ በሞተሩ ሥር ስለሚጠራቀም ግን ለማስነሣት ያደክማሉ፤ ሲነሡም ሰፈሩን በጭስ ይሞላሉ።

በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን ለዚህ ችግር ምክንያት ይሆናል?

ይሆናል። ማደያው ላይ ወረፋ ሲረዝም ሁላችንም ከዚያ ገዝተን እናውቃለን፤ ጥፋቱ መግዛቱ ላይ ሳይሆን እንዳለ መገልበጡ ላይ ነው። ጠርሙሱ ከየት እንደመጣና ምን እንደነበረበት አይታወቅም። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥተው ከሥሩ የተኛ ነገር ካለ ይዩ፤ ጥቂት አቆይተው፣ በንጹሕ የነጠላ ቁራጭ አጥልለው፣ የመጨረሻውን ሁለት ጣት ሳይገለብጡ ይተዉት። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ከሆነ ማጥለል አይረዳም፤ እጅ ላይ ሲነካ ቶሎ የማይተን ቅባታማ ስሜት ይተዋል።

በታንኩና በካርቡሬተሩ መሐል የምትገባ ትንሽ የቤንዚን ማጣሪያ ርካሽ ናት። ታንኩ ውስጡ ከዛገ ግን ማጣሪያዋ በሳምንት ትደፈናለች። ዝገቱን ለማውጣት ታንኩን አውርደው፣ ቤንዚኑን ጨርሰው ካወጡ በኋላ አንድ እፍኝ ትናንሽ ብሎኖችና ጥቂት ውኃ ከሳሙና ጋር ጨምረው አጥብቀው ያንቀጥቅጡት፤ አጥበው ፀሐይ ላይ በደንብ ያድርቁት፤ ብሎኖቹንም ቆጥረው ያስገቡ፣ ቆጥረው ያውጡ። የደሴ ክረምት ለማድረቅ ስለማይመች ይህን ሥራ ለጥቅምት ማቆየት ይሻላል።

ጓርኒሲዮኑ አልያዘ ሲል ሲሊኮን ብቀባበት?

በቤንዚን ውስጥ ሲሊኮን ያብጣል፤ ቀስ በቀስም እየተቆራረጠ ይለቅቃል፤ የለቀቀው ቁራጭ የሚያርፈው ቀዳዳዎቹ ላይ ነው። ጓርኒሲዮን ካልተገኘ ለጓርኒሲዮን ከሚሸጠው ቤንዚን የማይበግረው ወረቀት ገዝተው፣ የጎድጓዳውን ጠርዝ ቅባት ቀብተው ወረቀቱ ላይ አትመው በመቀስ መቁረጥ ይቻላል። ከመግጠምዎ በፊት የጎድጓዳውን ጠርዝ በመስተዋት ላይ ገልብጠው ያስቀምጡት፤ ሲነካኩት የሚወዛወዝ ከሆነ ቀድሞ ብሎኖቹ በዝተው ስለተጠበቁ ተጣሟል፤ ያን ጊዜ ማንኛውም ጓርኒሲዮን አይይዝም።

ካርቡሬተሩን ሙሉውን መቀየር የሚሻለው መቼ ነው?

የተንሳፋፊው ቋሚ ከተሰበረ፣ ተጨፍልቃ የገባችው መቀመጫ በመወልወል ካልዳነች፣ ወይም የጋዙ መጋረጃ (በጋዙ ገመድ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀሰው ክፍል) በአካሉ ውስጥ ወዲያና ወዲህ እስኪናጋ ድረስ ከተበላ። ከዚህ ውጪ ላለው አሮጌው የጃፓን ሥሪት ሚኩኒ ወይም ኬሂን ካርቡሬተር ተጠግኖ ቢቆይ፣ ልኩ ካልታወቀ አዲስ አምሳያ ይልቅ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። መቀየር ግድ ከሆነ አሮጌውን ይዘው ይሂዱና የአፉን ስፋት፣ የሁለቱን መግጠሚያ ብሎኖች ርቀትና የጋዝ ገመዱ የሚገባበትን ራስ መደብሩ ጠረጴዛ ላይ አስተያይተው ይግዙ፤ አሮጌውንም አይጣሉት፤ ብሎኖቹና ነሐሶቹ ለሌላ ቀን መለዋወጫ ናቸው።